የቁርቁራው ቅጠልና የአክስቴ ክኒን

ደብረ ብርሃን ባለው ቤቴ፣ መታጠቢያው አጠገብ፣ በአሮጌ የወተት ጣሳ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት አለ። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። አንዳንዱ ሄና ይመስለዋል። የቁርቁራ ቅጠል ነው። አክስቴ ናት ከሸዋ ሮቢት የምትልክልኝ። ቅጠሉን ጥላ ላይ ታደርቀዋለች፤ በሙቀጫ ትወቅጠዋለች፤ በወንፊት ትነፋዋለች። ከዚያ በፌስታል ቋጥራ ለሚኒባስ ሹፌር ትሰጠዋለች። የማንጎ ወቅት ከሆነ ማንጎም አብሮ ይመጣል።

ከዱቄቱ ሁለት እፍኝ ወስዳችሁ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጨምሩና በእጃችሁ ምቱት። መጀመሪያ ጭቃ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ አረፋ ያወጣል። ያ አረፋ ነው ልጅ ሆኜ ራሴን ያዳነው።

11 ዓመቴ ነበር። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ልጅን በየጊዜው ራሱን ለማጠብ የሚያስደፍር አይደለም። ፎረፎሬ ትከሻዬ ላይ እንደ ዱቄት ይረግፍ ነበር። ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጡ ልጆች ይስቁብኛል። ነጠላ ተከናንቤ መማር ጀመርኩ። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ወደ አክስቴ ላከችኝ። አክስቴ ራሴን ገልጣ አየችና ምንም አላለችም። ማጭድ ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። በየሦስት ቀኑ በቁርቁራ አጠበችኝ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስመለስ ነጠላውን ተውኩት።

ስለዚህ ዛፍ የምጽፈው ውለታ ስላለበት ነው። የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ ግን ከባድ ነው። ወደ ታች ስንወርድ እነግራችኋለሁ።

ቁርቁራን የማያውቅ ደገኛ ብዙ ነው። ለማወቅ ቁልቁለቱን መውረድ ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ ጣርማበርን ስታልፉ ከ3000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ጉሙ መስታወቱን ይሸፍነዋል። ዋሻውን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ስትወርዱ ካፖርታችሁን ታወልቃላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ግድም ወርዷል። ከደብረ ብርሃን እስከዚያ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ገብሱ ቀርቶ ማሽላና ማሾ ይመጣል። ባሕር ዛፉ ቀርቶ ግራርና ቁርቁራ ይመጣል።

ከሩቅ ሲያዩት ግራር ሊመስል ይችላል። ቀረብ ሲሉ ቅጠሉ ሌላ ነው። ሞላላ፣ ለስላሳ፣ ከሥሩ የሚነሱ ሦስት ጉልህ ጅማቶች ያሉት። ግመልና ፍየል የበዛበት ቦታ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ከተዉት ትልቅ ጥላ ያለው ዛፍ ይሆናል። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ነው። አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ወደ ኋላ የተቆለመመ። ቀጥ ያለው ይወጋል፣ የተቆለመመው ይይዛል። እጁን ለፍሬ የሰደደ ልጅ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይማራል። ፍሬው ክብ ነው፣ የጣት ጥፍር ታክላለች። ስትበስል ቢጫ፣ ከዚያም ቀላ ያለ ቡናማ ትሆናለች። ጣዕሟ ደረቅ ፖምና ቴምር የተደባለቀ ይመስለኛል። ከሥጋዋ ይልቅ ውስጧ ያለው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ፍሬ ይበልጣል። ያም ሆኖ በበጋ ልጆች በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጡታል፣ እኛም ከመንገድ ዳር እየገዛን በኪሳችን ሞልተን እንሄዳለን።

ድርቅ ስለመቻሉ ከመጽሐፍ በፊት ያስተማረኝ 2007 ነው። የዚያን ዓመት ክረምት ዝናቡ ከዳ። በ2008 የቆላው ሰው ምን ያህል እንደተቸገረ አገር ያስታውሳል። የአክስቴ ማሽላ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ቀረ። በማሳው ጠርዝ ያሉት ሦስት ቁርቁራዎች ግን አረንጓዴ ነበሩ። ምስጢሩ ሥሩ ነው። ዋናው ሥር በጣም ወደ ታች ይወርድና የላይኛው አፈር የሌለውን እርጥበት ይፈልጋል። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚዘንብባቸው የዓረብ በረሃዎች ላይ ሳይቀር ይኖራል። አክስቴ ያን ዓመት ቅርንጫፍ እየቆረጠች ለፍየሎቿ ሰጠች። ከስድስቱ አምስቱን ያተረፈችው በእሱ ነው።

ስሙም ደስ ይለኛል። የዕፅዋት ስም አውጪው ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ "ስፒና ክሪስቲ" ብሎታል፣ የክርስቶስ እሾህ ማለት ነው። የእሾህ አክሊሉ ከዚህ ዛፍ ተሠራ የሚል የቆየ ትውፊት ስላለ ነው። በዓረብኛ ደግሞ ሲድር ይባላል። ቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠራ ዛፍ ነው። ሙስሊም ሲሞት አስከሬኑ የሚታጠበው ውሃና ሲድር ተደባልቆ እንደሆነ በሐዲስ አለ። እኔ ይህን ያወቅኩት ግን ከአክስቴ አጥር ላይ ነው። አንድ ጠዋት ጎረቤቷ ሼሁ መጡና ከበር ሆነው ተጣሩ። "እመት፣ ለጀናዛ ነው፣ ቅጠል ፍቀጂልን" አሉ። አክስቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወጣች። "የእርስዎም አይደል እንዴ፣ ደግሞ ፈቃድ ምንድን ነው" አለቻቸው። ከዚያ ቆርጣ፣ እሾሁን እየለቀመች፣ ቅጠሉን ብቻ በሰፌድ ሰጠቻቸው። አክስቴ በሕማማት ሐሙስና ዓርብ ስግደት የማይቀርባት ክርስቲያን ናት። ዛፉ አንድ ነው። እሷ የጌታን አክሊል ታይበታለች፣ እሳቸው የመጨረሻውን እጥበት።

አሁን ወደ አረፋው ልመለስ። ቅጠሉ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ነገር አለ። ከውሃ ጋር ሲመታ አረፋ ያወጣል፣ ቅባትና ቆሻሻ ያነሳል። እንዶድ ልብስ የሚያጥበው በዚሁ ነው። ስለ እንዶድ ካነሳሁ ዶክተር አክሊሉ ለማን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከእጥበቱ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያያል። የቢልሃርዝያን ትል የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በእንዶድ ላይ አሳለፈ። ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ይህን ታሪክ የምወደው ሴቶቹ በየቀኑ የሚሠሩትን ሥራ ቆሞ ስላየ ነው። አይቶም "እንዶድ ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው" አላለም። የቱን ቀንድ አውጣ፣ በምን ያህል መጠን፣ በስንት ሰዓት ይገድላል ብሎ ለካ። መለካቱ ነው ልዩነቱ።

ከባዱ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል።

አክስቴ ስኳር አለባት። ከታወቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ሜትፎርሚን የሚባል ክኒን ትወስዳለች፣ ጠዋትና ማታ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳያት። የቁርቁራ ቅጠል ፈልቶ ሲጠጣ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል ይላል። ክኒኑ ኩላሊት ይጨርሳል፣ ቅጠሉ ግን የእግዜር ነው ይላል። አስቡት፤ ቁርቁራ ለአክስቴ እንግዳ ነገር አይደለም። ልጆች ያጠበችበት ነው። ፍየል ያተረፈላት ነው። ስላመነችው አልፈርድባትም። ክኒኑን አቆመች። ለእኛ አልነገረችንም።

በአራተኛው ወር ይመስለኛል፣ እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ። ቁስሉንም በቅጠሉ አጠበችው። አልደርቅ አለ። ደውላልኝ "ትንሽ እግሬን ነው" ስትለኝ ድምጿ ልክ አልነበረም። በማግስቱ ወረድኩ። ሐኪም ቤት ስናደርሳት ስኳሯ ከ400 በላይ ነበር። ሁለት የእግር ጣቶቿን አጣች። ሐኪሙ አልተቆጣትም፤ ስለዚያ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ "እማማ፣ ቅጠሉን ማን ከለከለዎት፤ ክኒኑን ለምን አቆሙ?" ብቻ ነው ያላት።

አክስቴ መልስ ነበራት። "መድኃኒት ሁሉ ከቅጠል አይደለም ወይ የሚሠራው?" አለች።

ጥያቄዋ ለብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ምክንያቱም ትክክል ናት። ስታነብቡት ትገረማላችሁ፤ ያቆመችው ሜትፎርሚን ራሱ ታሪኩ ከአንድ ተክል ይጀምራል። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል አለ። በድሮ ዘመን ቶሎ ቶሎ ሽንት ለሚመጣበትና ለሚጠማው ሰው ይሰጡት ነበር። በኋላ ሰዎች ውስጡ ያለውን ነገር አወጡ። ስኳር ይቀንሳል፣ ግን መርዝ ነው፤ ከብት በልቶት ይሞታል። ስለዚህ ዘመዱ የሆነና መርዝነት የሌለው ነገር መፈለግ ነበረባቸው። ሜትፎርሚን በቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ዣን ስተርን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሰው ላይ ያየውን ውጤት ያሳተመው በ1957 ነው። 35 ዓመት ማለት ነው። ከቅጠል እስከ ክኒን ያለው መንገድ ይኼን ያህል ይረዝማል። ቪዲዮው መንገዱን በአንድ ደቂቃ ይዘልለዋል።

ቁርቁራም በዚያ መንገድ መጀመሪያ ላይ ነው። የቅጠሉን ጭማቂ ስኳር እንዲይዛቸው ለተደረጉ አይጦች ሰጥተው ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ሲቀንስ ያዩ ተመራማሪዎች አሉ። ውሸት አይደለም። አይጥ ግን አይጥ ነው። መጠኑም የተለካ ጭማቂ እንጂ በጀበና የፈላ ቅጠል አይደለም። ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ቅጠሉ እውነት ስኳር የሚቀንስ ከሆነ፣ ከክኒኑ ጋር ደርቦ የሚጠጣ ሰው ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ለስኳር በሽተኛ ቁርቁራ የሚጠጣ ነገር አይደለም። ሐኪሙን ሳይጠይቅ በጭራሽ።

እኔ በእርግጠኝነት የምላችሁ ይህን ነው። ለፎረፎር ቅጠሉ ግሩም ነው። ራስ ያጥባል፣ ያሳክክ የነበረው ይረግባል፣ ጸጉር አያደርቅም። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላልና ጭንቅላትን ወደ ኋላ ማዘንበል ጥሩ ነው። ፍሬው ምግብ ነው፣ ቫይታሚን ሲ አለው፣ በረሃብ ወቅት ቁም ነገር ያለው ምግብ ነው። አበባው ለንብ ነው። የመን ውስጥ፣ ሐድረመውት በሚባለው አገር የሲድር ማር በዓለም ውድ ከሚባሉት ማሮች አንዱ ነው። የእኛ ቆላ ንብ የሚቀስመው ዛፍም ያው ዛፍ ነው። ይህን ሁሉ ያለ ምንም ማጋነን መናገር ይቻላል። ዛፉ ላይ ውሸት መጨመር ለምን ያስፈልጋል? ያናድደኛል፣ ከልቤ ነው የምለው።

አክስቴ ከሐኪም ቤት ስትወጣ አንድ ነገር ፈርቼ ነበር። ዛፉን ታስቆርጠዋለች ብዬ። ጎረቤት ከሰል አክሳዮች ዓይናቸውን ከጣሉበት ቆይቷል፤ እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ከሰሉም ጥሩ ነው ይላሉ። አልቆረጠችም። በዚያው ሰሞን "እስቲ አንድ ሃያ ችግኝ እናፍላ" አለችኝ። ከዳገቱ በላይ ያለው መሬቷ በየዓመቱ በጎርፍ እየተሸረሸረ ነበር።

ማፍላቱን መጀመሪያ የሞከርኩት ደብረ ብርሃን፣ ደጄ ላይ ነበር። አላወቅኩም። ችግኞቹ እስከ ኅዳር አማረባቸው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሌሊት ውርጭ ወረደና ጠዋት ሁሉም ጠቁረው አገኘኋቸው። ቁርቁራ ሙቀትን ይችላል፣ ጥማትን ይችላል፣ ውርጭን ግን አይችልም። ደጋ ላይ አትድከሙ።

በሁለተኛው ዓመት ሮቢት ላይ በሥርዓት ጀመርን። ከዛፉ ሥር የረገፉትን የበሰሉ ፍሬዎች ለቀምን። ሥጋውን ውሃ ውስጥ እያሸን አጠብነው። የቀረውን ድንጋይ መሳይ ፍሬ ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ውስጡ ብዙ ጊዜ ሁለት ዘር አለ፣ ሽፋኑ ግን ውሃ ቶሎ አያስገባም። ግማሹን እንዳለ ዘራነው። ግማሹን በመዶሻ ቀስ ብለን፣ ዘሩን ሳንጨፈልቅ ሰነጠቅነውና አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ አሳደርነው። የተሰነጠቀው በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ አለ። እንዳለ የተዘራው አንዳንዱ በወር ከምናምን፣ አንዳንዱ ጭራሽ አልወጣም። መዶሻው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አክስቴ የባቄላ መከካት ልምድ ስላላት ከእኔ ትሻላለች።

የችግኙ ላስቲክ ረዥም ይሁን። አጭር ላስቲክ ላይ የዘራናቸው ሥራቸው ላስቲኩን ቀዶ መሬት ገባ። ልንተክል ስናነሳቸው ሥሩ ተበጠሰ፣ ከተተከሉ በኋላም ደረቁ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ላስቲኩን ከቦታው ነቅነቅ እናደርጋለን። ጉድጓዱን ግንቦት ላይ እንቆፍራለን፣ ፀሐይ እንዲመታው። ሐምሌ ላይ፣ መሬቱ በደንብ ሲርስ እንተክላለን። በቁልቁለቱ በኩል አፈሩን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ከፍ እናደርጋለን፣ ጎርፉ እዚያው እንዲቆም። የመጀመሪያው በጋ ላይ በየሳምንቱ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ለሁለት ችግኝ እናካፍላለን። በሁለተኛው ዓመት ውሃ አልጠየቁንም።

ትልቁ ጠላት ፍየል ነው። ያተረፋቸው ዛፍ ልጅ መሆኑን አያውቁም። ከትልቁ ቁርቁራ የተቆረጠ እሾሃማ ቅርንጫፍ በእያንዳንዱ ችግኝ ዙሪያ አጥረን ነው ያሳደግናቸው። ቅጠል ስትቆርጡም ከአንድ ዓመት በታች ካለው አትንኩ። ከትልቁ ላይ በተራ በተራ ቅርንጫፍ ቁረጡ። መልሶ ያቆጠቁጣል። መላጣ ካደረጋችሁት ግን በዚያ ዓመት ፍሬም አበባም የለም።

አንዳንድ ሰው "ለምን ከውጭ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ አታመጡም?" ይለናል። ከሮቢት ትንሽ ወደ ምሥራቅ ብትወርዱ አፋር ነው። እዚያ በረሃውን ያለማል ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ የግጦሽ መሬቱን እንዴት እንደዋጠው ሂዳችሁ እዩ። አርብቶ አደሩን ጠይቁ። የእኛ ዛፍ ከማሽላው፣ ከንቡ፣ ከፍየሉ ጋር መኖር የለመደ ነው።

አንድ ሕልም አለኝ። የቁርቁራ የቅርብ ዘመድ ሕንድ ውስጥ በር ይባላል። ራጃስታን በሚባለው ደረቅ አገር ጎላ፣ ኡምራን የሚሏቸው ዝርያዎች አሉ፣ ፍሬያቸው የእንቁላል ያህል ይደርሳል። እንደ አቮካዶና ማንጎ እያዳቀሉ ነው የሚያበዙት፤ የጥሩውን ዛፍ ቀንበጥ በሌላው ግንድ ላይ አጣብቀው። የቆላ ገበሬያችን ካለው ሥር ላይ ትልቅ ፍሬ ማግኘት ቢችል ምን ነበረበት? የግብርና ባለሙያ የሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ አስቡበት።

ባለፈው ጥር ወረድኩ። ከሃያዎቹ አሥራ ሦስቱ ተርፈዋል። አምስተኛ ዓመታቸው ነው። ከመካከላቸው ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፈሩ። አክስቴ ዱላዋን ተደግፋ ከሥራቸው ቆማ ነበር። ፍሬውም ስኳር እንዳለው ሐኪሙ ነግሯታል። መዳፏ ላይ ቆጥራ ሰባት ብቻ አነሳች። ሰባቱን ቀስ ብላ በላች። ውስጡን እየተፋች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

"ለመጪው ዓመት ዘር" አለችኝ። ከዚያ ሰዓቱን ጠየቀችኝ፤ የማታው ክኒን ደርሶ ነበር።